የት ላይ ጠፋባችሁ?

ፊልም የሚጀምረው ለሁሉም ሰው ነው፤ የሚያልቀው ግን መብራት ላልጠፋበት ሰው ብቻ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አሶሳ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ሳይማር የሚያውቀው ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ትልልቅ ሰዎች ፍሪጅ ውስጥ ስላለው ሥጋ፣ ወፍጮ ቤት ስለቀረው እህል፣ ፀጉር ቤት በግማሽ ተላጭቶ ስለቀረው ራሳቸው ያዝናሉ። ስለ ታሪክ የሚያዝን ግን አላየሁም። አንድ ታሪክ መሀሉ ላይ ሲቆረጥ ቀሪው ግማሽ የት ይሄዳል? ሽቦ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል? ወይስ መብራት ያለበት አገር ሄዶ ያለ እኛ ያልቃል?

እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ሰው ፊት ስናገር ድምፄም እንደ መብራቱ ስለሚጠፋ ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። አሁን የምጽፈውም ለመጠየቅ አይደለም፤ ለማስተካከል ነው። ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ «የምወዳቸው ክፍሎች» በሚል ርእስ ስለ አንድ የልጆች ካርቱን የጻፍኩት ግምገማ ስሕተት ነበረበት። ስሕተቱ ትንሽ አይደለም። ግማሽ ነው።

ካርቱኑ «የዘገየ ደብዳቤ» ይባላል። ዋናዋ ባለታሪክ እመት ቀስታ የምትባል ኤሊ ናት፤ ሥራዋ ፖስተኛነት ነው። ኤሊን ፖስተኛ አድርጎ የቀጠረው የፖስታ ቤቱ ሹም ጅብ ነው፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ «ደመወዟም ቀስ ብሎ ስለሚደርሳት» ይላል። ረዳቷ ጥድፌ የሚባል ጦጣ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመቸኮሉ የተነሣ ደብዳቤውን ትቶ ባዶ እጁን ይደርሳል። እንግዲህ በዚህ የሚስቅ ሰው ልጅ ነው ትሉ ይሆናል። እማም ትስቃለች፤ እማ ደግሞ ልጅ አይደለችም።

ቤታችን ውስጥ እኔ፣ እማ እና የስድስት ዓመቷ እህቴ ኢክራም ነን። ከጎናችን ባለው ቤት የሚኖሩት የበርታ ተወላጇ ሀቦባ ሀዋ ቅዳሜ ቅዳሜ የራሳቸውን ዱካ ይዘው በቀርከሃው አጥር በር ይመጣሉ። ሀቦባ ማለት በእነሱ አያት ማለት ነው፤ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አያት ናቸው። ጅቡ ብቅ ባለ ቁጥር «ይህች ጅብ ሌባ ነው፣ ወላሂ!» ይላሉ። እስካሁን አልተሳሳቱም።

አባ የነበረው ጉባ ነው፤ ግድቡ ጋ። በቤተሰባችን ሩቅ መሄድ ልማድ ነው መሰለኝ። አያቴ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ አሶሳ መጣ፤ አባ ደግሞ ከአሶሳ ጉባ ሄደ። አባቴ ግድቡን ይሠራል ስል ሰው ብረት የሚበይድ ወይም ትልቅ መኪና የሚነዳ ይመስለዋል። አባ የሚሠራው ወጥ ነው። የካምፑ ወጥ ቤት ዋና ወጥ ሠሪ ነበር። «ግድብ ያለ ሲሚንቶ ትንሽ ይቆማል፤ ያለ ወጥ ግን አንድ ቀን አይቆምም» ይላል። እና ለአገር መብራት በሚሠራበት ቦታ የሚሠራ ሰው ቤቱ መብራት ሲጠፋ ምን ይባላል? ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። እኛ ግን የምንበላው ገሉም ላይ አልነበረም፤ የምንበላው በሞባይል ባትሪ ብርሃን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቱኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከሩብ በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ተወሳስቦ ኤሊዋ አንገቷን ወደ ውስጥ ስትከት፣ መብራት ይጠፋል። አንድም ቅዳሜ አልተረፈልንም፤ የሚጠፋውም ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው። እኛ ጨለማው ውስጥ እንቀመጣለን። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አባ ይደውላል። ስልኩን የምታነሣው ኢክራም ናት፤ ሌላ ሰው ካነሣው ታለቅሳለች። አባ ሰላምታውን ይጨርስና «እህ፣ ዛሬስ የት ላይ ጠፋባችሁ?» ይላል። ኢክራም የጠፋበትን ቦታ ትነግረዋለች። አባ ጉሮሮውን ይጠርግና ቀሪውን ይነግራታል።

ካምፑ ጄኔሬተር አለው፤ እዚያ መብራት አይጠፋም። «እኔ መዝናኛ ክበቡ ውስጥ ተቀምጬ ከእናንተ እኩል ነው የማየው» ብሏት ነበር። ኢክራም ይህን እንደ ቁርኣን ያዘችው። ካርቱኑ ሲጀምር ፍራሹ ላይ ከጎኗ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተዋለች። ጥድፌ ሲወድቅ ቶሎ አትስቅም፤ መጀመሪያ «አባ አሁን ሳቀ» ትላለች፤ ከዚያ ትስቃለች። አባን የምታየው በዓመት ሁለቴ ነበር። ቅዳሜ ግን ሁልጊዜ አብረው ነበሩ።

አሁን ወደ ግምገማው ልግባ።

የመጀመሪያው የምወደው ክፍል ደብዳቤው ውኃ ውስጥ የወደቀበት ነው። እመት ቀስታ ወንዝ ስትሻገር ቦርሳዋ ይከፈትና አንድ ደብዳቤ ይወድቃል። ስታወጣው ቀለሙ ሊፈስ ደርሷል። ጥድፌ ፀሐይ ላይ እንስጣው ሲል ዝናብ ይመጣል። እዚህ ላይ መብራት ጠፋ። አባ እንደነገረን ከዚያ ሁለቱ አንድ ወጥ ቤት ይገባሉ፤ ምስር ወጥ እየተንተከተከ ነው። ደብዳቤውን ድስቱ ክዳን ላይ ያሰጡታል። ደብዳቤው ይደርቃል፤ ነገር ግን በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ተቀባዩ ሲከፍተው ቃሉን ከማንበቡ በፊት ራበው። ሁሉንም ጠራና በሉ።

ሁለተኛው አድራሻ የሌለው ደብዳቤ የመጣበት ክፍል ነው። እመት ቀስታ ቤት ለቤት እየዞረች የማን እንደሆነ ትጠይቃለች። ሁሉም «የእኔ አይደለም» ይላል፤ ግን በሩን ሲዘጋ ቅር ይለዋል። አንድ የመጨረሻ ቤት ቀረ። ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ መብራት ጠፋ። የአባ መጨረሻ እንዲህ ነበር፦ በሩን የሚከፍተው አንድ ወጥ ሠሪ ነው። ደብዳቤው የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ግን «የእኔ ነው» ብሎ ይወስደዋል፤ ደብዳቤ ከደረሰው ብዙ ጊዜው ነበርና። ሲከፍተው አንድ መስመር ብቻ ተጽፎበታል፦ «ራት በልተሃል?» ወጥ ሠሪው ለራሱ ሳያወጣ ሰውን ሁሉ አብልቶ ነበር። ቁጭ ብሎ ከኤሊዋ ጋር በላ።

ሦስተኛው የፈቃዱ ክፍል ነው። ይህ የታየው ከዒድ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። አባ በዚያ ዒድ አልመጣም፤ ፈቃድ አልተገኘም። በካርቱኑ ውስጥ እመት ቀስታ ልጆቿን ለማየት የአንድ ሳምንት ፈቃድ ትወስዳለች። ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፤ መንገዱ እኩሌታው ላይ ስትደርስ ፈቃዷ ያልቃል። ወደፊት ብትሄድ ሥራዋን ታጣለች፤ ብትመለስ ልጆቿን ታጣለች። መንገዱ መሀል ቆመች። መብራት ጠፋ።

ያን ቀን አባ ሲደውልና ኢክራም ስትነግረው ዝም አለ። «አባ? አባ?» አለች። ቆይቶ «ኔትወርኩ ነው» አለ። ከዚያ ልጆቿ ከቤት ተነሥተው ወደ እሷ መንገድ እንደጀመሩ ነገራት። እነሱም ኤሊ ናቸውና ቀስ ብለው። መሀል መንገድ ላይ ተገናኙ። ሦስት ድንጋይ ጎለቱ፣ እሳት አነደዱ፣ ቂንጬ ሠሩና በሉ። «ከዚያስ?» አለች ኢክራም። «ከዚያማ ጠገቡ» አለ አባ።

እንግዲህ እነዚህን ሦስት ክፍሎች ጻፍኩና ለሚኒ ሚዲያው ሰጠሁ። ክበቡ ውስጥ የተመዘገብኩት እኔ ልጽፍ፣ ሌላ ሰው ሊያነብ ተስማምተን ነው። ገምጋሚ ያለ ትንተና ስለማይሆን አንድ ትንተናም ጨመርኩ። በትልቅ ኩራት የጻፍኩት ቃል በቃል ይኸውና፦ «የዚህ ተከታታይ ካርቱን ልዩ ባሕርይ እያንዳንዱ ክፍል በምግብ መጠናቀቁ ነው። በዚህም ደራሲዎቹ ሊያስተምሩን የፈለጉት ችግር ሁሉ አብሮ በመብላት እንደሚፈታ ነው።» ይህን ያገኘሁ ቀን ራሴን ሊቅ አድርጌው ነበር።

ዓርብ በእረፍት ሰዓት ድምፀ ጎርናናው የክፍላችን ልጅ በሞንታርቦ አነበበው። ትምህርት ቤታችንና የአንደኛ ደረጃው ትምህርት ቤት የሚለያዩት በቀርከሃ አጥር ነው፤ የእኛ ሞንታርቦ ለእነሱም ይሰማል። ስሜ ሲጠራ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ቀጭን ድምፅ «የእኔ እህት ናት! ያ ደግሞ የእኔ አባት የነገረን ነው!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። የአንደኛ ክፍል ሕዝብ አጨበጨበ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ እስኪደወል አልወጣሁም።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሜላት የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። ሜላት በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣች ጎበዝ ተማሪ ናት። ክፋት የላትም፤ እውነት ብቻ ነው ያላት። ካርቱኑን ከአጥሩ ወዲያ ከሚማረው ትንሽ ወንድሟ ጋር በስልክ ሙሉውን እንዳየችው ተናገረች። ውኃ ውስጥ የወደቀውን ደብዳቤ ዓሦቹ አንብበው በቃላቸው ይዘውት በዜማ ያደርሱታል እንጂ ምስር የሚባል ነገር የለም አለች። አድራሻ የሌለው ደብዳቤ የጅቡ ነው፤ ለራሱ የጻፈው ነው። የፈቃዱ ክፍል ደግሞ ሲያልቅ፣ ፈቃዷን የሚያራዝመው ደብዳቤ ያኔውኑ እመት ቀስታ ራሷ ቦርሳ ውስጥ፣ ሳይደርስ ተቀምጦ ይገኛል።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህ የመጨረሻው በጣም ጥሩ መጨረሻ ነው። ሳላስበው ሳቅኩ። ከዚያ ሜላት «ደግሞ ኤሊዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቀን እንኳ አትበላም» ስትል ሳቄ ቆመ።

ሚኒ ሚዲያውን የሚመሩት ቲቸር አስናቀ ፍትሕ ወዳጅ ናቸው። «ሚዲያ ሲሳሳት ያርማል። በሚቀጥለው ዓርብ ማስተካከያ ይቀርባል» አሉ። እኔም ልጽፈው ተነሣሁ። «ማስተካከያን ግን የጻፈው ሰው ራሱ ያነባል» አሉ ቀጥለው። ተቀመጥኩ።

እስከዚያ ድረስ ተሳሳተች ብዬ የማምነው ሜላት ነበረች። ምናልባት አዲስ አበባ ሌላ ዓይነት መጨረሻ ያሳዩ ይሆናል፤ ለእነሱ ብዙ ነገር ይለያል አይደል? ማክሰኞ ግን ጋሽ ደሳለኝ መጡ። ጋሽ ደሳለኝ የባምባሲ ሰው ናቸው፤ የካምፑ ሾፌር። አባ የላከውን አንድ ማዳበሪያ የደረቀ የዓባይ ዓሣ ይዘው «አካም ጅርቱ!» እያሉ ገቡ። ኢክራም ገና ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። እማ ዓሣውን ማገላበጥ ጀመረች። እኔ ቀስ ብዬ፣ ለወሬ ያህል፣ አባ ቅዳሜ ቅዳሜ ካርቱኑን የት እንደሚያይ ጠየቅኳቸው።

«ማን? አባትሽ? ካርቱን?» አሉ። «በአሥራ ሁለት ሰዓት? አይ ልጄ! በአሥራ ሁለት ሰዓት ሕዝቡ ሳህን ይዞ ተሰልፎ፣ እሱ ጭልፋውን ለአፍታ ቢያስቀምጥ እኮ የምንበላው እሱኑ ነው! የክበቡ ቴሌቪዥን ደግሞ ከኳስ ሌላ ማሳየት ይችላል እንዴ?» ሳቁና ሻያቸውን ፉት አሉ። «ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ድስቱን እያማሰለ ይተክዛል። ምን ሆንክ ስንለው ‘ኤሊዋን ዛሬ ምን ላብላት?’ ይለናል። እኛ የጉባ ሙቀት ነው ብለን ተውነው።»

እማን አየኋት። ዓሣውን ማገላበጧን አላቆመችም። ቀና ሳትል «ጋሽ ደሳለኝ፣ ሻይ ይጨመርልዎት?» አለች። ታውቅ ነበር ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ታውቅ ነበር።

ያን ቀን ማታ ደብተሬን አውጥቼ ግምገማዬን እንደገና አነበብኩት። ምን ዓይነት ሊቅ ነኝ! ሦስቱም ታሪክ ወጥ ቤት ውስጥ ያልቃል፤ የሚደውለው ወጥ ሠሪ ነው፤ ሁልጊዜ አስቀድሞ የት ላይ ጠፋባችሁ ብሎ ይጠይቃል፤ ያየ ሰው ይህን ምን ያደርግለታል? ከሁሉም በላይ አድራሻ የሌለውን ደብዳቤ የእኔ ነው ብሎ የወሰደውን ወጥ ሠሪ ደጋግሜ አነበብኩት። በግምገማዬ ላይ ስለ እሱ «ይህ ገጸ ባሕርይ ለታሪኩ እምብዛም አያስፈልግም» ብዬ ጽፌ ነበር።

አሁን ችግሬን ተመልከቱልኝ። ዓርብ ቆሜ ማስተካከያውን ማንበብ አለብኝ። ካነበብኩ፣ ሞንታርቦው አጥር አያውቅም፤ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎኗ እንዳልነበረ በእህቷ ድምፅ ትሰማለች። ካላነበብኩ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አልተሳሳትኩም ብላ ትከራከራለች ይለኛል። ለኔ ሁለተኛው ይቀል ነበር፤ ግን ቲቸር አስናቀ ምርጫ አልሰጡኝም።

ሀቦባ ሀዋን በአጥሩ ቀዳዳ አማከርኳቸው። አባ መዋሸቱን ስነግራቸው በቆሎ መፈልፈላቸውን አቆሙ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አባትሽ ዋሸ?» አሉ። «ገመድ ተቆረጠ፣ እሱ ቋጠረ። ገመድ የቋጠረ ሰው ሌባ ነው?»

«አይደለም፣ ሀቦባ። ግን ዓርብ ምን ላድርግ?»

«ኸላስ፣ በቃ፣ አላህ ያውቃል» አሉና ወደ በቆሏቸው ተመለሱ። ጥሩ ምክር ነው። ለዓርብ ግን አልጠቀመኝም።

ማስተካከያው ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበረው። «ባለፈው ሳምንት ያቀረብኳቸው መጨረሻዎች በካርቱኑ ውስጥ የሉም። የነገረን አባቴ ነው። አባቴ ካርቱኑን አይቶት አያውቅም።» ሦስተኛውን ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ እንደገና ጻፍኩት። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሊቀደድ ደረሰ።

ዓርብ ማይኩን ሰጡኝ። ቀና ስል በመጀመሪያ ያየሁት አጥሩን ነው። በሁለት ቀርከሃ መሀል ትንንሽ ጣቶች ወጥተዋል፤ ከጣቶቹ በላይ አንድ ዓይን አለ። የኢክራም ዓይን በሺህ ዓይን መሀል አይጠፋኝም። ድምፄ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ «ባለፈው ሳምንት ያቀረብኳቸው...» ብዬ ጀመርኩ። ሞንታርቦው አንድ ጊዜ ጉር አለና ዝም አለ።

መብራት ጠፋ።

ተማሪው ሁሉ «ኤጭ!» አለ። እኔ ያለ ማይክ፣ በሕይወቴ ተናግሬው በማላውቅ ድምፅ «አልሐምዱሊላህ!» አልኩ። ቲቸር አስናቀ ዞር ብለው አዩኝ። ማስተካከያው ለሳምንት ይቆይ ተባለ፤ በሳምንቱ ፈተና ተጀመረ፤ ከፈተናው በኋላ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር አነበው ነበር? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱን አላውቀውም፤ የማላውቀው መሆኑም ደስ አይለኝም።

ክረምት ሲገባ የካምፑ ሥራ ቀነሰና አባ ጠቅልሎ መጣ። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣ እና ክንድ የሚያህል ጭልፋ ይዞ ሐሙስ ቀን ከባጃጅ ወረደ። ኢክራም አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ «ቅዳሜ የመጨረሻው ክፍል ነው! አብረን ነው የምናየው!» አለችው። አባ «አብረን!» አለ። ፊቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በዚያ ሳምንት መብራት አንድም ቀን አልጠፋም። ከተማው ደስ አለው። ወፍጮው ፈጨ፤ ፀጉር ቤቱ ሁሉንም ራስ ጨርሶ ላጨ። አሶሳ ውስጥ ተቀምጦ፣ እጁን ዘርግቶ፣ መብራት እንዲጠፋ አላህን የለመነ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። አልሰማኝም። እሱም ምን ያድርግ፤ ለዓመታት በተቃራኒው ስንለምነው ኖረናል።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሀቦባ ዱካቸውን ይዘው መጡ። አባ ኢክራም ሁልጊዜ የምትተውለት ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ እጁ ያለ ጭልፋ የት እንደሚቀመጥ አጥቶ ጉልበቱን ይደባብሳል። ካርቱኑ ጀመረ። አባ ጥቂት አየና ሳያስበው አፉ አመለጠው። «ይቺ ናት ኤሊዋ? ትንሽ ናት እኮ!» አለ።

እማ መሬት መሬት አየች። ኢክራም ግን ፈጠን ብላ «የካምፑ ቴሌቪዥን ትልቅ ስለሆነ ነው፣ አባ። እዚያ ትልቅ ሆና ነበር የምታያት» አለችው። አባ «አዎ፣ ለካ!» አለ። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ሊገባኝ ጀመረ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልገባኝም።

በመጨረሻው ክፍል እመት ቀስታ ጡረታ ልትወጣ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ብቻ ቀርቷል። አድራሻውን ስታነበው የራሷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስታደርስ ለእሷ የተጻፈ ደርሷት አያውቅም። መንገድ ዳር ተቀመጠች። መነጽሯን አደረገች። ሹሙ ጅብ እንኳ መሳቁን አቆመ። ፖስታውን ልትቀድ ጥፍሯን አነሣች።

ኢክራም ተነሣች። ቴሌቪዥኑ ኋላ ገባች፤ ሶኬቱን ነቀለችው።

«ጠፋ!» አለች።

ከራሳችን በላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ሙዚቃ ይሰማል። ሁላችንም አምፖሉን አየነው። ሀቦባ ሀዋ አሻቅበው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና «ኤ! ጠፋ፣ ወላሂ» አሉ። እማ «ሻማ ላምጣ እንዴ?» አለች።

አባ አምፖሉን አየ። የኢክራምን እጅና ከእጇ የተንጠለጠለውን ሶኬት አየ። ከዚያ እኔን አየ፤ እኔ ፍራሹ ላይ ያለውን አበባ መቁጠር ጀመርኩ። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ በዒዱ ሰሞን ኔትወርክ ነው ያለው ያ ነው።

ኢክራም ተመልሳ በእኔና በእሱ መሀል ተቀመጠች። ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ሹክ አለችኝ። «የሜላት ወንድም ነግሮኛል። ድሮ ነው የነገረኝ። የእነሱ ኤሊ ራት አትበላም። ታሳዝናለች።»

አባ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህ» አለ፣ «የት ላይ ጠፋባችሁ?»

«ደብዳቤውን ልትከፍተው ስትል፣ አባ!» አለች ኢክራም፣ እሱ ዓይኑ እያየ ያልነበረ ይመስል።

አባም ነገረን። ደብዳቤውን የጻፉት እመት ቀስታ በዕድሜዋ ደብዳቤ ያደረሰችላቸው ሰዎች ሁሉ ናቸው አለ፤ ሁሉም አንድ አንድ ፊደል ጽፈውበታል። የሚለውም አንድ መስመር ነው። ምን እንደሚል ኢክራምና እኔ እኩል ተናገርነው፦ «ራት በልተሻል?» እኔ ሰው ፊት ጮክ ብዬ ስናገር ያ ሁለተኛዬ ነው።

እንግዲህ ማስተካከያዬ ይህ ነው። ባለፈው ዓመት ካርቱኑ ሁሉ በምግብ ያልቃል ማለቴ ስሕተት ነበር፤ ሜላት ትክክል ናት፤ ቲቸር አስናቀንም ስለዘገየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤ በእነ ሜላት ቤት ሲከፈት ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። በእኛ ቤት ግን ኤሊዋ ያን ቀንም ራቷን በልታለች።